ሜዳ ላይ ስለማትነሳው ፒክአፓችን፣ ለዳገት ራስ ጋራዥ ባለቤት

ለክቡር አቶ ያርጋል
የዳገት ራስ ጋራዥ መሥራችና ባለቤት
ደባርቅ

ጉዳዩ፦ በጋራዥዎ ሞተሯ ታድሶ ከወጣች ወዲህ ቁልቁለት ካላየች አልነሳም ስላለችው መኪናችን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ያለኝን የአክብሮት ሰላምታ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ከመኪና ሥር ተኝቶ የሚውል ሰው ወገብ ብዙ እንደሚፈተን ስለማውቅ ወገብዎን፣ ከዘይት ተለይቶ የማያውቀውን እጅዎን፣ የጋራዥዎን የቆርቆሮ በርና ከበሩ ፊት ለፊት የሚጀምረውን ያንን የተባረከ ቁልቁለት አምላክ በቸርነቱ እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ። በተለይ ቁልቁለቱን። ጎርፍ እንዳይሸረሽረው፣ መንገድ የሚሠሩ ሰዎችም አንድ ቀን ተነስተው እናስተካክለው ብለው ሜዳ እንዳያደርጉት ሥጋት አለብኝ፤ እሱ የጠፋ ዕለት የጋራዥዎ ዝና ምን እንደሚሆን ሳስበው ስለ እርስዎ እጨነቃለሁ።

እኔ ሀብተ ጊዮርጊስ እባላለሁ፤ በዳባትና በደባርቅ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። በስሜ ባያውቁኝ አልቀየምም፤ መኪናችንን ግን በሚገባ ያውቋታል። ባለቤቴ ኤልሳቤጥ ነጭ ሽንኩርትና ድንች የምትነግድባት፣ ራሷ በብሩሽ ግራጫ ቀለም የቀባቻት፣ ጭስ አብዝታ ስላስቸገረችን እርስዎ ዘንድ ገብታ ሞተሯ ወርዶ ሙሉ ለሙሉ የታደሰላት አሮጌ ፒክአፕ ናት። ጉዳዬን ፊት ለፊት ላስረዳዎት ደጋግሜ ጋራዥዎ ድረስ መጥቻለሁ፤ ይሁን እንጂ በመጣሁ ቁጥር መኪና ሥር ተኝተው ስለማገኝዎት እስከ ዛሬ በአካል የተነጋገርኩት ከጫማዎ ጋር ነው። ጫማዎ ጨዋ ነው፤ አላቋረጠኝም፤ መልስ ግን አልሰጠኝም። እንግዲህ ከጫማው ከፍ ያለው አካልዎ ቢያነብልኝ ብዬ ይህንን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ለእውነት ልመስክር። ሞተሩ ጥሩ ነው። ከተነሳ በኋላ ድምፁ ያምራል፣ ጭሱ ጠፍቷል፣ ድንች ጭነን ዳገት ስንወጣም እንደ ድሮው አያቃስትም። ይህን ያህል ሥራ የሠራ እጅ ይባረክ እላለሁ፤ ከልቤ ነው። ችግራችን ያለው "ከተነሳ በኋላ" ከሚለው ሐረግ በፊት ባለው ጊዜ ላይ ብቻ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ፈተናው።

በእኛ አገር ብርድ፣ ባትሪ ጠዋት ጠዋት በሚሰንፍበት ከተማ፣ መኪናን አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አዙሮ ማቆም ያልተጻፈ ሕግ ነው። ለቅሶ እንኳ ስንሄድ መኪኖቹ ከሟች ቤት በላይ ተደርድረው፣ አፍንጫቸውን ቁልቁል ደፍተው ነው የሚያስተዛዝኑት። ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን ይለቃል፣ መኪናዋ ትንሸራተታለች፣ ማርሽ ያስገባል፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ያደርጋል፣ ሞተር ይነሳል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ይህንን ማንም ያደርገዋል፤ እኔም አደርገዋለሁ። ይሁንና ሞተር አውርዶ መልሶ የሰቀለ ሰው ሥራውን ሲጨርስ አንድ ጊዜ፣ ለወግ ያህል እንኳ፣ ቁልፉን አዙሮ መኪናዋ በራሷ ጉልበት ትነሳ እንደሆነ ያያል ብዬ እገምት ነበር።

የዳገት ራስ ሥርዓት ግን ሌላ መሆኑን በዓይኔ ተመልክቻለሁ። በሩ ተከፈተ፣ ከጎማው ሥር ያለው ድንጋይ ተነሳ፣ መኪናችን ቁልቁል ተለቀቀች፣ ታች ካለው ወፍጮ ቤት ሳትደርስ ሞተሯ አጓራ። ሠራተኞችዎ አጨበጨቡ፣ ባለቤቴ እልል አለች፣ እርስዎም መስታወቷ ላይ "ተፈትኗል" የሚል ወረቀት ለጠፉባት። ለዚህ ፈጣን ምርመራ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በዚያ ቁልቁለት ከተለቀቀ የወፍጮ ቤቱም ድንጋይ ሳይነሳ አይቀርም ነበር።

የእኛም ቤት ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የጎደለን ነገር መኖሩን አላወቅንም። ደባርቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉድለት ሊጋለጥ የሚችልበት ቦታ ጥቂት ነው። በዚህ ረገድ የጋራዥዎን ቦታ የመረጠው ሰው ከማንኛውም መሐንዲስ በላይ አስተዋይ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ዳባት ሜዳ።

እናቴ ወይዘሮ አልጣሽ የመሪጌታ ልጅ ናት። አባቷ ተማሪዎቹን ሲያስነብቡ ከጓዳ ሆና እየሰማች ዳዊት የደገመች፣ በሰፈራችን ሴቶች መካከል መጽሐፍ ገልጣ በማንበብ የምትታወቅ ሰው ናት። አሁን ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል። ዳዊቷን ጠዋት ጠዋት እኔ አነብላታለሁ፤ እሷም ታርመኛለች። ወዳቂውን ንባብ አነሳኸው፣ ተነሹን ጣልከው፣ ይህ ዳዊት ነው ወይስ የቀበሌ ስብሰባ ትለኛለች። አባቷ ቢሰሙኝ በአለንጋ ያባርሩኝ እንደነበር በየቀኑ ትነግረኛለች። ከዚህ ዓለም የቀራት ምኞት አንድ ነው፤ ዳዊቷን በገዛ ዓይኗ አንብባ እኔን ከዚህ ሹመት መሻር። እኔም ከእሷ ባልተናነሰ ይህንን ሹመት ልለቅ እመኛለሁ።

የዓይን ሐኪሞች ጎንደር መጥተው ለጥቂት ቀናት ሞራ እንደሚገፉ ሰማን፤ አስመዘገብናት፤ ጠዋት ተገኙ ተባልን። በዕለቱ እናቴን ከፊት፣ ኤልሳቤጥን ከኋላ አስቀምጬ ጉዞ ጀመርኩ። ከቤታችን በር ቁልቁለት ነውና መኪናዋ በክብር ተነሳች። ዳባት ስንደርስ እናቴ ቤተ ክርስቲያኑን ሳልሳለም አላልፍም አለች፤ ዓይኔን ሊነኩኝ እየሄድኩ ዝም ብዬ ላልፈው ነው ወይ አለች። መንገዱ ዳር ለጥ ያለ ቦታ ላይ ቆምኩ። ኤልሳቤጥ ናፍጣ በከንቱ አይቃጠል ስላለች ሞተሩን አጠፋሁት። እናቴ ተሳልማ ተመለሰች፣ እጇን ይዘን አሳፈርናት፣ ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ አለ። ደግሜ አዞርኩ። ጠቅ። ከዚህ የተረፈ ቃል አልወጣውም። ዳባትን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ እዚያ ቦታ ላይ ቁልቁለት የሚፈልግ ሰው አካፋ ይዞ መቆፈር አለበት።

ሰው ለምነን አስገፋን። ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ሸክማቸውን አስቀምጠው ገፉልን፤ ኤልሳቤጥም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ገፋች። ነገር ግን አዲስ የታደሰ የናፍጣ ሞተር ጥብቅ ስለሆነ በሰው ጉልበት ሊዞር አልቻለም፤ ጎማው አፈሩን እየፋቀ ተጎተተ እንጂ። ይህም የሥራዎን ጥራት የሚያሳይ ስለሆነ በዚያ ላብ መካከል ሆኜ እንኳ አመስግኜዎታለሁ። ገፊዎቹ ያሉትን ግን እዚህ መጻፍ ለአንባቢ ክብር አይመጥንም።

ሦስተኛ፤ በስልክ ስለተሰጡን ምርመራዎች።

ደወልኩልዎ፤ እርስዎም አንስተው አነጋገሩኝ። መኪናዋን ሳያዩ፣ ድምፅዋንም ሳይሰሙ በሽታዋን ለመናገር የቻሉበትን ጸጋ እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። መጀመሪያ ብርድ ነው አሉኝ፤ የዳባት ፀሐይ አናቴን እየጠበሰው ስለነበር ባርኔጣዬን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ በአክብሮት ሰማሁ። ቀጥለው ናፍጣው ውኃ ተቀላቅሎበታል አሉ፤ በዚሁ ናፍጣ ከደባርቅ ድረስ መጥቻለሁ ብዬ ባስረዳዎት ውኃው መንገድ ላይ ገብቶ ሊሆን እንደሚችል ነግረው አጽናኑኝ። ከዚያ አየር ስባለች አሉ። በመጨረሻም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ከታደሰች ወዲህ መኪናዋን አይቶ ያደነቀ ጎረቤት መኖሩን፣ አብሮን ከተሳፈረውም መካከል ዓይኑ የማይወደድ ሰው መኖሩን ጠየቁኝ።

እዚህ ላይ በትሕትና መልስ ልስጥ። በመኪናዋ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን። አንዷ ባለመኪናዋ ናት። ሌላዋ እናቴ ናት፤ የእሷ ዓይን መኪናዋን ሊበላ ይቅርና በሩን ያገኘችው ዳብሳ ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ይህችን መኪና አድንቄ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንዱን ዋና ጥያቄ ሳይጠይቁኝ ስልኩ ተዘጋ። ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ይሽከረከራል ወይስ ጭራሽ አይንቀሳቀስም አላሉኝም። እኔ የድንጋይና የወንዝ መምህር ነኝ፤ ስለ ሞተር ብዙ አላውቅም። ይሁንና ቁልፉ የሚያዘው ማስነሻ፣ ሞተሪኖው፣ ሞተሩን ከነጭራሹ ካላዞረው ናፍጣው ጠራ ደፈረሰ፣ አየር ገባ አልገባ ገና ተራው እንዳልደረሰ ለመገመት ጋራዥ መክፈት አያስፈልግም። ለማንኛውም ላደረጉልኝ ሰፊ ማብራሪያ አመሰግናለሁ፤ የስልኬ ባትሪም ያለቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

አራተኛ፤ ስለ ነዳጅ መስጫው ገመድ።

ቁልፉን ደጋግሜ ሳዞር ከኮፈኑ ሥር የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ከፍቼ የነዳጅ መስጫውን የሽቦ ገመድ ብነካው ጣቴን ፈጀኝ። ይህንንም በስልኩ ነግሬዎት ነበር፤ ገመዱ አርጅቶ ነው አሉኝ። ኋላ ቀየሩልን። አዲሱም ገና ሜዳ ላይ ቁልፍ ስናዞር ጋለ። እሱንም ቀየሩልን። ገመድ በመቀየር ረገድ ጋራዥዎ አቻ የለውም።

አምስተኛ፤ ጎንደር ስለመድረሳችን።

አለነ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ወደ ደባርቅ ሲመለስ እናቴን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አይቶ ቆመልን። ከራሱ ባትሪ ወደ እኛ ባትሪ ሁለት ሽቦ ዘረጋ፤ ቁልፉን አዞርኩ፤ ጠቅ። ባትሪው ደክሞ ቢሆን ኖሮ የተበደረው ኃይል ይበቃው ነበር። አለነ ተሳፋሪዎቹ ና እንጂ እያሉ ሲጮሁበት ተቻኩሎ ከሽቦዎቹ አንዱን ከባትሪያችን ነቀለና ሌላ ቦታ ቢይዝ ብሎ በቀጥታ ሞተሩ ብረት ላይ አስነከሰው። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ሁለት ባዶ የቡሎን ቀዳዳ አሳየኝ፤ አንዱ ሞተሩ ላይ፣ አንዱ ሻንሲው ላይ። ሁለቱን የሚያገናኘው፣ እናንተ ማሳ የምትሉት፣ ጠፍጣፋው የመዳብ ማሰሪያ በቦታው የለም። ሞተሩ ሲወርድ ተፈትቷል፤ ሲሰቀል አልተመለሰም። ኤሌክትሪኩ ሞተሪኖውን አንቀሳቅሶ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ሰፊ መንገድ ስላጣ በቀጭኑ የነዳጅ መስጫ ገመድ በኩል ሊሾልክ ሲታገል ኖሯል፤ የሚያግለውም ይኸው ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ስለሆነ ሞተሪኖውን ማንም አይጠይቀውም።

ሞተሩን አጥፍቼ ሌላ ጠቅ እንዳልሰማ ፈርቼ፣ ጎንደር ስንደርስ ኤልሳቤጥን ከነምታጓራው መኪና ሆስፒታሉ በር ላይ ትቼ እናቴን ይዤ ገባሁ። የዕለቱ ተራ አልቆ ነበር፤ የመጨረሻው ቀን ነበርና ነገ ኑ የሚለን ሰው አልነበረም። ነርሷ ደግ ሰው ናት፤ አዘነችልን፤ ሐኪሞቹ ተመልሰው ሲመጡ እንጠራችኋለን አለች። እናቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አንድ ቃል አልተናገረችም። ይህች ሴት በሕይወት ዘመኗ ዝም ያለችበትን ቀን እኔ አላስታውስም። ስንመለስ አምባ ጊዮርጊስን ካለፍን በኋላ ነው የተናገረችው፤ ልጄ አትዘን፣ ባይሆን ንባብህ ይሻሻል ይሆናል አለችኝ። ሳቅሁላት። ግን አቶ ያርጋል፣ አፍሬ ነበር፤ ተናድጄም ነበር። እሷ እንዳታየው ፊቴን ማዞር እንኳ አላስፈለገኝም።

ስድስተኛ፤ ምንም የለባትም ስለመባሉ።

ወደ ጋራዥዎ መልሰን አመጣናት፤ አለነ የነገረንን ሁሉ ለጫማዎ አስረዳሁ። ከሠራተኞችዎ ሰብስቤ የሚባለው ፈገግታው የማይጠፋ ሰው መኪናዋን ተረከበኝ። በሩን ከፈተ፣ ድንጋዩን አነሳ፣ ለቀቃት፤ ተነሳች። ምንም የለባትም፣ አባቴ፣ ጤነኛ ናት አለኝ። ሜዳ ላይ ሞክሩልኝ ስለው፣ እዚህ ግቢ ሜዳ የት አለ ብሎ በሐቅ ጠየቀኝ። ይህም ብቻ አይደለም፤ ሌላ እጅ ከነካት ለሞተሩ የሰጠነው ዋስትና ይቀራል፣ ማሰሪያም ሆነ ሽቦ ራሳችሁ እንዳትገጥሙ የሚል ማስጠንቀቂያም ደረሰኝ። ኤልሳቤጥ ሞተሩን ያሳደሰችው በአንድ መኸር ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ስለዚህ እኔ ኮፈኑ አጠገብ ሳልፍ እንኳ በዓይኗ ትከተለኛለች።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ኑሯችንን በአጭሩ ልንገርዎ። እኔ ዕድሜ ልኬን ለተማሪዎቼ የመሬት አቀማመጥን ሳስተምር ይህን ያህል ጥቅም እንዳለው አላውቅም ነበር። አሁን የሄድንበት ሁሉ መጀመሪያ እኔ ወርጄ መሬቱን አያለሁ፤ ወደየት ያዘነብላል፣ ከታች ምን አለ፣ የሰው ቤት አለ ወይ እላለሁ። ቡይት ራስ ድንች የምናደርስለት ደንበኛችን ግቢው ሜዳ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ሳይጠፋ ኤልሳቤጥ መሪውን ይዛ ቁጭ ትላለች፣ እኔ ጆንያ አወርዳለሁ፤ ደንበኛው ሊያጭበረብሩኝ የመጡ ሌቦች ናቸው ወይ ብሎ ያየን ነበር። ሳንቃ በር ስንሄድ ደግሞ የተገኘው ቁልቁለት ወደ ገደሉ የሚያመለክተው ብቻ ሆነ። አፍንጫዋን ወደ ገደሉ አድርጌ አቆምኳት። ሀብተ ሚካኤል የሚባል የፓርኩ ስካውት ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ እየሮጠ መጣና ከባለቤቴ ጋር ተጣልቼ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀኝ። የለም፣ ሞተር አሳድሰን ነው አልኩት። የት አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ሌላ አልጠየቀኝም፤ ለእያንዳንዱ ጎማ ድንጋይ አምጥቶ ደገፈና ጫናችንን አራግፈን እስክንሄድ ድረስ ከአጠገባችን አልተለየም። የነገርኩትን ስም ሲሰማ ያሳየው ርኅራኄ ጋራዥዎ ምን ያህል ሩቅ እንደሚታወቅ ያስረዳል።

ሰባተኛ፤ ስለ በሩ።

ይህንን የመጨረሻ ቅሬታ የማነሳው በከፍተኛ ጥንቃቄ ነው። ባለፈው ሳምንት ከጫማዎ ጋር ተነጋግሬ ስወጣ የጋራዥዎ በር ተዘግቶ ነበር፤ ሰንሰለቱ ስለተበጠሰ ሁለቱን የቆርቆሮ ክንፎች የያዘው ሌላ ማሰሪያ ነው። ጠፍጣፋ ነው፤ ከቀጭን የመዳብ ክር የተጎነጎነ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ የቡሎን ቀለበት አለው። አንደኛው ጫፉ ላይ ደግሞ ኤልሳቤጥ መኪናዋን ስትቀባ ያንጠባጠበችው ግራጫ ቀለም ደርቆ ይታያል። ሰብስቤን ይህ ምንድን ነው አልኩት። እሱ ከእናንተ መኪና የተረፈ ነው አለኝ፤ አለቃችን ጎበዝ ስለሆነ ሞተር ሲገጥም ሁልጊዜ ይተርፈዋል ብሎም ጨመረልኝ፤ ኩራት ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። እንግዲህ የእናቴ መንገድ ለካ የጠፋው አንድ በር ለመያዝ ኖሯል። በዚያ በር የሚወጣ መኪና ሁሉ መጀመሪያ የእኛን ማሰሪያ ፈትቶ፣ ከዚያ ቁልቁል ተለቆ፣ ተፈትኗል ተብሎ ይሄዳል። እኔም ያን ዕለት በገዛ እጄ ፈትቼው ወጣሁ፤ ከኋላዬም መልሼ አሰርኩት፤ የዋስትናው ነገር አስፈርቶኝ ነው።

ስለሆነም ክቡርነትዎን የምለምነው ይህንን ብቻ ነው። የዓይን ሐኪሞቹ በሚመጣው ማክሰኞ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ነርሷ ቃሏን ጠብቃ ደውላልናለች። ሚኒባስ ተሳፍሩ የሚሉን አሉ፤ ሄዶ መግባቱን እንችላለን፤ ዓይኗ ታሽጎ በትከሻና በክርን መካከል ተጨንቃ መመለሱን ግን ነርሷም አልፈቀደችው፣ እኔም አልፈቅደውም። ይህም ተራ ካለፈ ሦስተኛ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም፤ ሞራው ደግሞ ሐኪሞቹን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ እስከ ሰኞ ድረስ ማሰሪያውን ከበርዎ ፈትተው፣ የተቀባ ጫፉን በአሸዋ ወረቀት ፍቀው፣ በሁለቱ ባዶ ቀዳዳዎች ላይ በገዛ እጅዎ እንዲገጥሙልን እጠይቃለሁ። ለበርዎ ጥሩ ጠፍር ይዤ እመጣለሁ።

ይህ ከሆነ በኋላም ማክሰኞ ጠዋት አብረውን እንዲሳፈሩ በአክብሮት እጋብዛለሁ። ከኋላ ከኤልሳቤጥ ጎን ቦታ ተይዞልዎታል። ዳባት ስንደርስ እናቴ ቤተ ክርስቲያኑን መሳለሟ አይቀርም፤ እኔም እዚያው ቦታ ሞተሩን አጠፋለሁ፤ ቁልፉን የሚያዞሩት ግን እርስዎ ይሆናሉ። ከተነሳች በመንገድ ላይ ሁሉ ስምዎን በበጎ እናነሳለን። ካልተነሳች ደግሞ ገፊ አናጣም።

በሜዳም ሆነ በቁልቁለት የማይለወጥ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ለጋራዥዎ ብዙ ሥራ፣ ለሥራዎ ጥቂት ትራፊ፣ ለእርስዎም ቀና ብለው ሰው የሚያነጋግሩበት ዕድሜ እመኛለሁ።

ታዛዥዎ
ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ጡረተኛ መምህር
ደባርቅ

ግልባጭ፦
ለደባርቅና ለዳባት ሾፌሮች በሙሉ፣ በተለይ "ተፈትኗል" የሚል ወረቀት መስታወታቸው ላይ ላለ
ለአቶ ሀብተ ሚካኤል፣ የሳንቃ በር ስካውት፣ ለድንጋዮቹ ከምስጋና ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ ገሠጸችኝ። ማሰሪያውን ጠዋት ማታ በእጁ እየፈታና እያሰረ ያላየው ሰው ሊወቀስ አይገባም፣ ሊታከም ነው የሚገባው አለች። እኔ ለሁለቱም ዓይኔ ተመዝግቤአለሁ፤ ለዳዊቴ አንዱ ይበቃኛል፣ የሁለተኛውን ተራ ለያርጋል እለቅለታለሁ ብላለች። አልተቀለደም፤ ነርሷን ደውዬ ጠይቄአለሁ። ይቻላል፣ ባለተራው ግን ራሱ መቅረብ አለበት ተብያለሁ። እንግዲህ ማክሰኞ ሲመጡ መታወቂያዎን አይርሱ።